ታናሽ ቀድሞ የሚናገርበት ክፍል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቡራዩ ያለው ሰፈሬ በነጻ ሐኪም ያገኘ መስሎት ነበር። ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘነበች መጀመሪያ ጉልበቷን ይዛ መጣች። ቀጥላ የልጇን ሳል አስከትላ መጣች። የአማቷን የደም ግፊት ክኒን በፌስታል ጠቅልላ ስትመጣ ግን እጅ ሰጠሁ።

«ዘነቡ፣ እኔ እኮ ሰው አላክምም» አልኳት።

«ሐኪም አይደለሽም እንዴ?»

«ሐኪምስ ነኝ። ግን የማየው የሰውን ቁራጭ ነው። ከእብጠቱ ቆንጥረው ይልኩልኛል፣ እሱን በማይክሮስኮፕ አይቼ ካንሰር ነው ወይም አይደለም እላለሁ። ፓቶሎጂስት ይሉናል።»

«በቃ? ለዚህ ነው ይኼን ሁሉ ዓመት በጠዋት ታክሲ ስትጋፊ የኖርሽው?» ብላ ሳቋን ለቀቀችው። «እሱንማ ማሽኑ አይነግራቸውም?»

አይነግራቸውም! ኧረ በስመ አብ፣ በምን ቋንቋ ልንገራችሁ? ሰው ሁሉ የላቦራቶሪ ወረቀት ከማሽን ሆድ ተተፍቶ የሚወጣ ይመስለዋል። የባዮፕሲ፣ የቁራጭ ሥጋ ምርመራ፣ ወረቀት የሚወጣው ከሰው ዓይን ነው። ዓይን ደግሞ የባለቤቱን ጠባይ ይዞ ነው የሚያየው። ሁለት ጎበዝ ሐኪሞች አንድ ስላይድ፣ ሥጋው የተለጠፈበትን ብርጭቆ፣ አይተው፣ አንዱ ካንሰር ነው፣ ሌላው አይደለም ሊሉ ይችላሉ። ሁለቱም ሳይሰክሩ፣ ሁለቱም ሳይሰንፉ። በተለይ ካንሰሩ ገና ጀማሪ ከሆነ። ይህን ለዘነቡ በሯ ላይ ቆሜ ላስረዳት ሞከርኩና ወጧ አረረባት። ስለዚህ ተቀምጬ ልጽፈው ወሰንኩ፤ ሥራዬን እንደ ጉድ እወደው ስለነበር ማውራቱም ደስ ይለኛል።

ዓይኔን የገሩልኝ ዶክተር ቶሌራ ናቸው። አዲስ አበባ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ተማሪያቸው ሆኜ ነው ያገኘኋቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊታቸው እንደተኮሳተረ የሚቀልዱ ሰው ነበሩ። ቀልዳቸው መሆኑን የምናውቀው ከክፍሉ ከወጡ በኋላ ነው። ስላይድ ሲሰጧቸው የታማሚውን ስምና የላኪውን ሐኪም ጥርጣሬ አያነቡም፤ ወረቀቱን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ ይተዉታል። ብርጭቆዋን በሁለት ጣት ይዘው ወደ መስኮቱ ይሄዱና በባዶ ዓይን ያዩዋታል። ሐምራዊና ሮዝ የተነከረች ጠብታ የምታህል ሥጋ ናት፤ ምን እንደሚያዩባት ለብዙ ጊዜ አልገባኝም። ከዚያ በአነስተኛው ሌንስ ከሩቅ ያያሉ። እኛ ወጣቶቹ ቶሎ ወደ ትልቁ ሌንስ ስንሮጥ፣ «ተመለሺ፣ ተመለሺ፤ ሰው ቤት ገብተሽ መጀመሪያ የምታዪው የአንበሳውን ሥዕል ነው ወይስ የግድግዳው ላይ ዝንብ?» ይሉኝ ነበር። ሲያዩ አያወሩም፤ ስልክ ቢጮህ አያነሱም። ሌንሱን የሚጠርጉት ከአሮጌ ነጠላ በተቀደደች፣ ሚስታቸው በሚያጥቧት ጨርቅ ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው ግን ስለ ዶሮዋ ነው።

የፋሲካ ማግስት ነው፤ ሦስት ተማሪዎች ሆነን ከእሳቸው ጋር አንዱን ስላይድ ለብዙ ሰው በሚያሳየው ማይክሮስኮፕ ዙሪያ ተቀምጠናል። «ከአንድ ጎልማሳ ጉበት የተወሰደ ነው» አሉ። «እኔ ካንሰር ነው የሚመስለኝ። እናንተስ?»

አየሁ። የደም ሴሎቹ መሀላቸው ላይ ነጥብ አላቸው። የሰው ቀይ የደም ሴል መሀሉ ላይ ነጥብ የለውም፤ ይህን የሕክምና ትምህርት የጀመረ ልጅ ያውቀዋል። አጠገቤ ያለው ጓደኛዬ በጉልበቱ ነካ አደረገኝ፤ እሱም አይቷል። እኔ በሆዴ፣ «ቀለሙ ተበላሽቶ ይሆናል» አልኩ።

«አዎ ዶክተር» አለ ጓደኛዬ።

«እርስዎ እንዳሉት ነው» አልኩ እኔ።

ሦስተኛው ጭራሽ ለካንሰሩ ዓይነት ስም አወጣለት።

ዶክተር ቶሌራ ቀስ ብለው ቀና አሉ። «ይህ የበዓል ዶሮዬ ጉበት ነው። ባለቤቴ ስትገነጥል ቆንጥሬ አመጣሁት። አንተ ዶሮዬን ክርስትና ያነሳሃት ልጅ፣ እስቲ ቀና በልና ልይህ።»

ሳቃችን መጣ፤ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠን የምንመርጥበት ሳቅ ነበር። እሳቸው አልሳቁም።

«የዶሮ ደም ነጥብ አለው፤ ነጥቧን አላያችሁም?»

«አይተናል።»

«ታዲያ?»

ሦስታችንም መልሰን ወደ ሌንሱ ጎንበስ አልን።

«ታዲያማ ይሉኝታ ያዛችሁ። እኔን ላለማሳፈር ብላችሁ ሰውየውን ካንሰር አሸከማችሁት።» ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍሉ ሕግ ወጣ። መጀመሪያ የሚናገረው ከሁሉ ታናሽ ነው፤ እሳቸው መጨረሻ። ሲናገርም ዓይኑን ከሌንሱ አያነሳም፤ የታላቁን ፊት አንብቦ መልሱን እንዳይቀይር። ማዕድ ላይ፣ ምርቃት ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ታላቅ በሚቀድምበት አገር ይህን መልመድ ቀላል አይምሰላችሁ።

ኋላ ዶክተር ቶሌራ የመንግሥቱን ሥራ ለቀው ሰበታ ላይ፣ የጅማውን መንገድ ይዞ ካለ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ፎቅ ላይ ትንሽ ላቦራቶሪ ከፈቱ። እኔም ተከተልኳቸው። ደሞዙን አታንሱት። ደስታውን ግን አንሱት! ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ፣ ከተጂ፣ ከጫንጮ ሳይቀር ናሙና ይመጣልናል። በሚኒባስ ነው የሚመጣው፤ ረዳቱ ከትርፍ ጎማው አጠገብ ሸጉጦት፣ «የዶክተሮቹ ዕቃ!» እያለ ደረጃውን ይወጣል። አንድ ቀን ከአንድ ትንሽ ክሊኒክ የመጣ ጠርሙስ ላይ፣ «ፎርማሊን ስላለቀብን በጥሩ አረቄ ልከናል» የሚል ተለጥፏል። ፎርማሊን ሥጋው እንዳይበሰብስ የምንነክርበት ፈሳሽ ነው። ቆራጫችን ጌታሁን ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና፣ «ዶክተር፣ ይኼኛውስ ሞቅ ብሎት ነው የመጣው» አለ። ዶክተር ቶሌራ ስላይዱን አይተው፣ «ትንሽ ደርቋል፣ ግን ይነበባል፤ አረቄው እውነትም ጥሩ ነበር» አሉ።

ጌታሁን ቆራጫችን ስል ተራ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሥጋውን በሰም አጠንክሮ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስቶ በምላጭ ይልጠዋል፤ ለብ ባለ ውኃ ላይ ያንሳፍፈዋል፤ ሳይጨማደድ በብርጭቆ ያነሳዋል። እሱ ከተነጫነጨ የእኛ ቀን ተበላሸ ማለት ነው።

አሁን ስለ ጀማሪ ካንሰር ልንገራችሁ። ጡት ውስጥ ወተት የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። አንዳንዴ ቱቦው ውስጥ ያሉት ሴሎች ይበዛሉ፣ ይጨናነቃሉ። የሰርግ ድንኳን ከሩቅ እንደማየት ነው። ውስጡ በሰው ተጨናንቋል፣ ድንኳኑ ይወዛወዛል። ጭፈራ ነው ወይስ ጠብ? ድንኳኑ ተቀዶ ሰው ዱላ ይዞ ከወጣ ማንም አይሳሳትም፤ እዚያ ላይ ሁላችንም እንስማማለን። ሳይቀደድ በፊት ግን አንዱ «ጠብ ነው፣ ጥሩ ፖሊስ» ይላል፤ ሌላው «ኧረ ገና ሞቅታ ነው፣ እንጠብቅ» ይላል። እኛም ያው ነን። የምንለካውም ይህንኑ ነው፤ ስንት ቱቦ ሞላ? ሙሉ በሙሉ ነው ወይስ በከፊል? ሴሎቹ ይመሳሰላሉ ወይስ ድብልቅ ናቸው? ድንበሩ ላይ የቆመ ነገር ሲመጣ፣ ልኩ እንዳለ ሆኖ የዓይን ጠባይ ይገባበታል። አንዱ ሐኪም ፈሪ ነው፣ አንዱ ታጋሽ ነው። በሽተኛዋ ደግሞ የማን ጠባይ እንደደረሳት አታውቅም።

የእኔ ዓይን ፈሪ የሆነው በአንዲት የተጂ መምህርት ምክንያት ነው። ናሙናዋን ከዶክተር ቶሌራ ጋር አየነውና፣ ገና ከቱቦው ያልወጣ ካንሰር ነው ብለን ጻፍን። ቤተሰቦቿ ስላይዱን ወስደው ከተማ ውስጥ ሌላ ቦታ አሳዩት። እዚያ ያዩትም ደህና ሐኪሞች ናቸው። «ካንሰር አይደለም፣ ቆይታ ትታይ» አሉ። እነሱ አልደወሉልንም፤ እኛም ሁለተኛ አስተያየት መጠየቋን ሰምተን አልደወልንም። በእኛ ዘንድ የሌላ ሐኪም ሥራ ውስጥ ገብቶ፣ «ለምን እንዲህ አልክ?» ማለት ነውር ነበር። መምህርቷ ሁለቱን ውጤቶች አየችና መልካሙን ያዘች። ማን ይፈርድባታል? እኔም ብሆን እሱን ነበር የምይዘው። ተመልሳ ስትመጣ ድንኳኑ ተቀዷል፤ ካንሰሩ ጉበቷ ደርሷል።

ካረፈች በኋላ ወንድሟ ስላይዱን ሊመልስ መጣ። ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸም። «ዶክተር፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። እናንተና እነሱ ተነጋግራችሁ ነበር?» አለኝ።

አልተነጋገርንም ነበር። ደረጃውን ወርዶ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁትና ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ውጤት በተለያየ ቁጥር ስልክ የምናነሳ ሆንን። መጀመሪያ ላይ ደዋዩም ተደዋዩም ያልበው ነበር፤ ኋላ ግን ለመድነው፣ አንዳንዶቹም የልብ ወዳጅ ሆኑኝ። ዓይኔ ግን አልዳነም። የተጨናነቀ ቱቦ ባየሁ ቁጥር የመምህርቷ ወንድም ይታየኛል። ዶክተር ቶሌራ አንድ ቀን ትከሻዬን መታ አድርገው፣ «አሰለፉ፣ ዓይንሽ ፈሪ ሆኗል፤ እወቂበት» አሉኝ። አወቅኩበት፣ ግን ማወቅና መተው ለየቅል ናቸው።

እሳቸው አርጅተው ትውልድ አገራቸው ሱሉልታ ሲገቡ ላቦራቶሪው በእኔ ላይ ቀረ። ዶክተር ሃያት መጣችልኝ። አባቷ የታችኛው የጨርቅ ሱቅ ባለቤት ናቸው፤ ልጅ ሆና ቁልፍ ልትሰጠን ደረጃውን ስትወጣ አውቃታለሁ። ተምራ ፓቶሎጂስት ሆና ተመለሰች። አስቸጋሪ ስላይድ ሲገጥማት በስልኳ አንስታ በቴሌግራም ለጓደኞቿ ትልካለች፤ መልሱ ሻይ ሳንጨርስ ይመጣል። እኔ ለዚያ ስልክ ለማንሳት ስንት ላብ እንዳፈሰስኩ ስነግራት ትስቃለች። ሕጉን ግን እንደወረስኩት አወረስኳት፤ መጀመሪያ አንቺ፣ መጨረሻ እኔ።

ጡረታዬ ሲቃረብ ነው የለሊሴ ናሙና የመጣው። ለሊሴ ሱሉልታ ዋናው መንገድ ዳር ወተት የምትሸጥ፣ ገና ወጣት የምትባል ሴት ናት። ጡቷ ላይ እብጠት ተገኝቶ በመርፌ ክር የምታህል ሥጋ ተወስዶላታል። ቀዶ ሐኪሟ፣ «ካንሰር ከሆነ እብጠቱ ያለበት ቦታ አመቺ ስላልሆነ ጡቱን ሙሉ አወጣዋለሁ» ብሎ ቀን ቆርጦ የእኛን ቃል ይጠብቃል።

ተቀመጥን። ሃያት ዓይኗን ሌንሱ ላይ እንደተከለች፣ «እኔ ካንሰር አልልም» አለች። «ሴሎቹ በዝተዋል፣ አላማሩኝምም። ግን የሞላው አንድ ቱቦ ነው፣ ሌላው ግማሽ ነው። ካንሰር ለመባል መጠኑ አይደርስም።»

የመምህርቷ ወንድም ታየኝ። «ነው» አልኩ። «ገና ያልወጣ፣ ግን ካንሰር ነው።»

«በየት በኩል ዶክተር?»

«በየት በኩል? በሞላው በኩል ነዋ! እኔ ስንት ድንበር ላይ ያለ ነገር አይቻለሁ መሰለሽ?»

ፊቷ ቀላ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ወላሂ ሼም ይዞኛል» አለች። «ግን ታናሽ ይጀምር ያሉት እርስዎ ነዎት። ከጀመርኩ በኋላ በዕድሜዎ ካስቆሙኝ፣ መጀመሬ ምን ጠቀመ?»

ደሜ ፈላ። በረንዳው ላይ ወጥቼ የመኪናውን ግርግር እያየሁ ቆየሁ። ከዚያ ሳቄ መጣ። አይ እኔ! ልጅቷ እኮ ልክ ናት። ስለ ጡቱ ልክ መሆኗን አላውቅም፤ ስለ እኔ ግን ልክ ናት። ተመልሼ ገባሁና፣ «ተነሺ፣ ሱሉልታ እንሄዳለን» አልኳት።

ዶክተር ቶሌራ ሱሉልታ ውስጥ ኦቦ ቶሌራ ሆነዋል። ጋቢ ለብሰው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ አሮጌዋ ማይክሮስኮፓቸው መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ ናት፤ የልጅ ልጆቻቸው የጉንዳን እግር ያዩባታል።

«ማን ጀመረ?» አሉ ገና ሰላም ሳንል።

«ሃያት።»

«ጎሽ!» ስላይዷን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አነሷት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ። ቀና ሲሉ ፍርድ ይሰጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «አሰለፉ፣ አንቺ ካንሰር አይደለም ብለሽ ተከራከሪልኝ። አንቺ ልጅ ደግሞ ነው ብለሽ» አሉ።

«እንዴ! እኔ እኮ ነው ነው የምለው!»

«አውቃለሁ። ጀምሩ።»

ምን ይደረጋል፣ ጀመርኩ። የግማሹን ቱቦ ነገር አነሳሁ፣ የመጠኑን ነገር አነሳሁ፣ መርፌው ሥጋውን ጨምቆ ዓይን ሊያሳስት እንደሚችል ሳይቀር አነሳሁ። እየተናገርኩ ሳለ አፌ እየሞቀ ሄደ፤ ከሃያት የተሻለ ተከራከርኩላት ብል ውሸት አይሆንም። እሷም የእኔን ወገን ይዛ እንዲህ አድርጋ ስታፋጥጠኝ፣ ‹ይቺ ልጅ ይኼን ሁሉ እያወቀች ነው እንዴ አይደለም ያለችው?› አልኩ በሆዴ። ኦቦ ቶሌራ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«እንግዲህ ሁለታችሁም የሌላዋን ታውቃላችሁ። እኔ ደግሞ አላውቅም።»

«ምን አሉ?»

«አላውቅም አልኩ። አማርኛ ነው።» ያን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቀጠሉና፣ «ሦስታችንም የምንጨቃጨቀው በአንዲት ክር ላይ ነው። ክሯ የነገረችንን ነግራናለች። እብጠቱ ብቻ ወጥቶ ሙሉው ይታይ፤ ጡቱ አይነካ። ለቀዶ ሐኪሙም አልተስማማንም ብላችሁ ጻፉለት» አሉን።

አልተስማማንም! እንዲህ የሚል ሪፖርት በሕይወቴ ፈርሜ አላውቅም። እጄ ብዕሩን ሲይዝ ገበያ መሀል ልብሴን የማወልቅ መሰለኝ። ቀዶ ሐኪሙም ወዲያው ደወለ።

«ዶክተር አሰለፈች፣ ነው ወይስ አይደለም?»

«ከዚች ናሙና ማወቅ አልቻልንም።»

«ታዲያ ለምን ላክሁላችሁ?» ብሎ አጉረመረመ። ደግ ሰው ነው፣ ተቆጥቶም ቢሆን ለለሊሴ እውነቱን ነገራት። እሷም «ያልተስማሙትን ሰዎች አገናኙኝ» አለች። በዚህ ሁሉ ዓመት ታማሚ ከእኔ ጋር ልነጋገር ሲል ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስልኩን ሳነሳ እንደ ጀማሪ ነርስ ደነገጥኩ።

«አካም ጅርቱ ዶክተር። ስለ እኔ ተጣላችሁ አሉ?»

«ኧረ አልተጣላንም የኔ ልጅ፣ አልተስማማንም ነው።»

«ያው ነው እኮ። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ማለስለስ ይቻል ነበር። አላለሰለስኩም። «እኔ ካንሰር ነው እላለሁ። ሌላዋ ሐኪም አይደለም ትላለች። ያስተማሩኝ ሰው ደግሞ አላውቅም አሉ። እብጠቱ ብቻ ወጥቶ እኔ ልክ ከሆንኩ፣ ሁለተኛ ጊዜ አልጋ ላይ ትተኛለሽ። እሷ ልክ ከሆነች ጡትሽ ይተርፋል።»

ሳቀች፤ ወላዲተ አምላክን፣ ሳቀች! «ዋቀዮ ያውቃል በሉኛ» አለች። «እንዲህ ገልጦ የነገረኝ ግን የለም። እሺ፣ እብጠቱ ይውጣ። ሁለቴ መተኛቱን እችለዋለሁ። ያለ ምክንያት መቆረጡን ነው የማልችለው።»

እብጠቱ ወጥቶ እስኪደርሰን ድረስ እንቅልፍ የሚባል አልነበረኝም። ልሸነፍ ፈለግኩ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ልክ ለመሆን ስለፋ የኖርኩ ሰው፣ ያን ሰሞን ተሳስቼ እንድገኝ ለእመቤቴ ጧፍ ተሳልኩ። ፍላጎቴ ዓይኔ ውስጥ እንዳይገባም ደግሞ ፈራሁ፤ ስለቴን ሌንሱ ጋ ይዤው እንዳልቀመጥ ራሴን አስማልኩት።

ጌታሁን እብጠቱን ተቀብሎ አንዲት ቅንጣት ሳያስቀር ቆራረጠው። ወትሮ የሚነጫነጭ ሰው ያን ቀን ድምፁን አጥፍቶ ነው የሠራው። ስላይዶቹ ትሪ ሞልተው መጡ። ተቀመጥን። ሃያት መጀመሪያዋን አየች፣ «አይደለም»። ቀጣይዋን፣ «አይደለም»። አንዷ ላይ ቆየች፤ ሌንስ ቀየረች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ «አልሐምዱሊላህ፣ አይደለም»። እስክትጨርስ ትንፍሽ አላልኩም። ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ።

ካንሰሬን እንደጠፋ ቁልፍ ፈለግኩት። ከሩቅ አየሁ፣ ቀርቤ አየሁ፣ ጥግ ጥጉን በረበርኩ። እነዚያ የተጨናነቁ ቱቦዎች ነበሩ፤ ጥቂት፣ እዚያው የነበሩት ብቻ፣ ወደ ጎን ያልሰፉ። በዙሪያቸው ያለው ሁሉ ንጹሕ ነው። የሚጠበቅ እንጂ የሚቆረጥ አይደለም። በዓመት በዓመት እየመጣች ትታያለች፣ በቃ።

«አይደለም» አልኩ። ዓይኔን ከሌንሱ አላነሳሁም፤ ባነሳም የሚታየኝ ነገር አልነበረም፣ በእንባ ተሞልቷል። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ እልልታዬን አቀለጥኩት። የሃያት አባት ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ደረጃውን ሮጠው ወጡ።

«ምንድን ነው? ማን አገባ?»

«ማንም አላገባም አባባ» አለች ሃያት እያለቀሰችም እየሳቀችም። «ዶክተር ተሸንፈው ነው!»

ለኦቦ ቶሌራ ደወልኩ። ሁሉንም አዳመጡና፣ «እንግዲህ ዓይንሽ ፈሪ መሆኑን አልተወም» አሉ። «ጆሮሽ ግን ደህና ነው።» ከእሳቸው አፍ ይህን መስማት ለእኔ ሹመት ነው። ያ ሕግ ባይኖር ሃያት፣ «እርስዎ እንዳሉት» ብላ ትፈርም ነበር። ጡቱ ይወጣል፣ ቆራርጠን እናየዋለን፣ ካንሰር አለመሆኑንም እናውቃለን። እውነቱ አይጠፋም ነበር፤ የሚዘገየው ለለሊሴ ብቻ ነው።

ፓቶሎጂስትን የሚያመሰግን ታማሚ የለም። ቀዶ ሐኪሙን ያመሰግናሉ፣ ነርሷን ያመሰግናሉ፤ እኛን የሚያውቀን የለም፣ እኔም ተከፍቼበት አላውቅም። ስለዚህ ከጡረታዬ ጥቂት ቀን በፊት በሩ ተንኳኩቶ፣ ሻሽ ያሰረች ቀይ ሴት ደፉ ላይ ቆማ ሳያት፣ ናሙና አምጪ መስላኝ እጄን ዘረጋሁ።

«ያልተስማሙት እዚህ ናቸው?» አለች።

ድምጿን አወቅኩት። ከሱሉልታ ሰበታ ድረስ ታክሲ እየቀያየረች መጥታለች። ሃያት ከመቀመጫዋ ተነሳች። ለሊሴ እሷን አቅፋ፣ ጉንጯን ደጋግማ ስማ፣ «ገለቶሚ፣ ገለቶሚ» ስትላት ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ነው ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። የምትለኝን ሁሉ ለመቀበል ቆምኩ።

መጥታ አቀፈችኝ። ወተት የሚያነሳ ክንድ ነው፣ አጥንቴ ተንቋቋ። ደረቷ እንዳለ ደረቴ ላይ አረፈ፤ ግራውም ቀኙም። እኔ ተፈርዶበታል ያልኩት ጡት ሞቆ፣ ልቧ ከበስተኋላው እየመታ፣ እኔ ላይ ተደግፎ ነበር።

«እንኳን ተሸነፉልኝ፣ እማማ» አለችኝ በጆሮዬ።

«እንኳን!» አልኳት። እሷ ልትለቀኝ እጇን ስታላላ፣ እኔ አልለቅሽም አልኩ።